መጀመሪያ ይብላ

ሰቆጣ ለሥልጠና በተሰበሰብንበት አዳራሽ አሠልጣኙ፣ «አጠገባችሁ ያለውን ሰው ከየት እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቁት፤ መተፋፈሩ ይለቃችኋል» አለን። ሰዉ ሣቀ። እኔን ግን ከሻዩ ጋር የቀረበው የገብስ ቂጣ ሽታ ደሃና፣ አባቴ ቤት ወሰደኝ።

ገና ጥርሴን የምነቅል ልጅ ነበርኩ። አንድ ወጣት መንገደኛ ዝናብ አባሮት ገባ። እናቴ ቂጣ ልታቀርብለት ስትነሣ አባቴ፣ «ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?» አለው።

«ኧረ መጀመሪያ ይብላ!» ብላ እናቴ ጮኸች። ምን እንዳስቆጣት አልገባኝም። እንግዳው ግን የአባቱን ስም ተናገረ። አጎቴን የገደለው ሰው ስም ነበር።

አባቴ ሽመሉን አንሥቶ ጭንቅላቱን ሲለው ልጁ ምድጃው ላይ ወደቀ፤ ደሙ አመዱን አራሰው። ሁለተኛውን ሲሰነዝር እናቴ ክንዷን አስገባች። አጥንቷ ቀጭ ሲል ሰማሁት። እሷ ግን በደኅናው እጇ ቂጣ ቆርሳ ደም በሞላው አፉ ውስጥ ጠቀጠቀችበት።

«ዋጥ! ዋጥ አንተ ልጅ!»

ዋጠ።

«በላ?» አለ አባቴ እያለከለከ።

«እንጀራህን በልቷል። እንግዲህ አትነካውም፤ እሱም አይነካህም።»

አባቴ ሽመሉን ጥሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ የወንድሙን ስም እየጠራ አለቀሰ። የእናቴ ክንድ ከዚያ ወዲህ አልተቃናም።

አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ፈገግ ብሎ፣ «እሺ፣ አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።

ቂጣውን ወደ እሱ ገፋሁለት። የአባቴን ስም የነገርኩት ሲውጥ አይቼ ነው።