ባትሪውን እምቢ ያልኩ ቀን

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ነው። አገር ቤት ክረምት ገብቶ ሰው ጋቢ በሚደርብበት ወቅት፣ እኛ አረብ አገር፣ ጂዛን ውስጥ ከአሐድ አል-መሳርሐ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ እርሻ ላይ በሙቀት እንቀቀል ነበር። የማልረሳው ስለፈራሁ አይደለም። ፍርሃትማ እዚህ አገር ስንቴ ፈርቻለሁ። የማልረሳው፣ ያን ቀን ከአፌ የወጣችውን አንዲት ቃል ጓደኞቼ እስካሁን እንደ ቀልድ ስለሚያወሯት ነው። ቀልድ አልነበረችም። እንዴት እንደሆነ እኔው ልናገር።

እርሻው የአቡ የህያ ነው። ከፊላችን እንለዋለን፣ አሠሪያችን ማለት ነው። ክፉ ሰው ነው ብዬ አልዋሽም። ምግብ አይከለክልም፣ በሰላት ሰዓት ሥራ አያዝም። ግን ሁሉን ነገር "ማፊ ሙሽኪላ" ብሎ የሚዘጋ ሰው ነው። ቧንቧ ቢፈነዳ ማፊ ሙሽኪላ። በግ ብትሞት ማፊ ሙሽኪላ። ችግር የለም ማለቱ ነው። ለእሱ አይኖርም፤ የፈነዳውን ቧንቧ ጭቃ ውስጥ ተንበርክከን የምንጠግነው እኛ ነን።

እርሻው ላይ ሦስት ነን፤ እኔ፣ ሙሄ እና ኑሩ። ሦስታችንም የወሎ ልጆች ነን። ሙሄ በዕድሜ ይበልጠናል፣ አፉ ደግሞ ቀልድ አያጣም። ኑሩ ዝምተኛ ነው። ባሚያና ቲማቲም እንለቅማለን፣ በጎቹን እንጠብቃለን፣ የምንተኛው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ወረቀት፣ አንዳችንም የለንም። ይህቺን ልብ በሉልኝ። ኢቃማ የሌለው ሰው ከፊሉ ተቆጥቶ ጀዋዛት ለሚባሉት ፖሊሶች ከደወለ፣ አለቀለት። መጀመሪያ እስር ቤት፣ ከዚያ ባዶ እጁን አውሮፕላን ላይ ነው።

የመንግሥት መብራት እኛ ዘንድ አይደርስም። ጣራው ላይ ሶላር አለ፤ ክፍላችን ውስጥ ደግሞ ግድግዳው ሥር አንድ ሊትየም ባትሪ ነበር። አምፖሉንም ማራገቢያውንም ችሎ ያድር ነበር። ኋላ አቡ የህያ ሙከይፍ ገጠመልን፣ ማቀዝቀዣ ማለቴ ነው። አላህ ይስጠው፣ በዚያ ሙቀት ትልቅ ነገር ነው። ባትሪው ግን ሙከይፉን አልቻለውም፤ ሳይነጋ ያልቅና በላብ ተጠምቀን እንነቃለን። ይህን ስንነግረው አቡ የህያ ደርብ የምትባል ከተማ ደርሶ ሌላ ባትሪ ጭኖ መጣ። ሰው ቤት ሲሠራ የኖረ ነው። ማርካው ሌላ፣ ቁመቱ ሌላ፣ ቀለሙም ሌላ።

ሊያገናኛቸው የመጣው ኤሌክትሪሻን የመናዊ ነበር። ሁለቱን ባትሪዎች አየና ራሱን ነቀነቀ። ከአቡ የህያ ጋር ተከራከሩ። አቡ የህያ በመጨረሻ "ኩሉ ሲም ሲም!" አለ፤ ሁሉም ያው ነው ማለቱ ነው። የመናዊውም እንጀራው ነውና አገናኝቶ አበራቸው። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ክንዴን ያዘኝ።

"ያ ሰኢድ" አለኝ በስሜ ጠርቶ፣ "እነዚህ ሁለቱ አይግባቡም። አንዱ ሞልቶ በቃኝ ሲል ሌላው ገና ነው። አንዱ ሲደክም ሌላው ይገፋበታል። ከመኝታችሁ አርቁት።"

ገብቼ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ሙሄ ከት ብሎ ሳቀ።

"አንተ፣ መቀናጆ አታውቅም እንዴ?" አለኝ። "አንድ በሬ ያለውና አንድ በሬ ያለው ተቀናጅተው ያርሱ የለ? የኔ ቀይ ያንተ ጥቁር ቢሆን እርሻው ምን ቸገረው? በሬ በሬ ነው!"

እኔም ሳቅሁ። እውነት መሰለኝ። ያደግነው በመቀናጆ ነዋ! አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያረሰው ከጎረቤት በሬ ጋር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባትሪዎቹን "መቀናጆዎቹ" አልናቸው፣ ሙከይፉም እስኪነጋ መሥራት ጀመረ። የሙሄ ነገር የረታ መስሎ የታየው ለእኔ ብቻ አልነበረም፤ ሁላችንም አምነን ተኛን።

ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ቀን፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማ፣ ምሳችንን በልተን ጋደም እንዳልን፣ ኋላ የመጣው ባትሪ ጢው ጢው ማለት ጀመረ። ቀይ መብራት ያበራል። ኑሩ ፍራሹ እሱ ባለበት ጥግ ነው። ተነሥቶ ተቀመጠና "ወላሂ ግድግዳው ትኩስ ነው" አለ። ሄጄ ባትሪው ላይ መዳፌን ጣልኩ። ማቆየት አልቻልኩም። የተቃጠለ ላስቲክ የሚመስል ሽታ አለው። ጎኑም ትንሽ ያበጠ መሰለኝ፤ ይሁን አይሁን ዛሬም አልምልም።

ያኔ ነው የመቀናጆው ስሕተት የተገለጠልኝ። በሬ ሲደክመው ይቆማል፣ ይተኛል፣ አራሹም አይቶ ቀንበሩን ያወርድለታል። ይሄ ሣጥን ግን ጢው ጢው እያለም መሥራቱን አያቆም። እኛስ ተኝተን ማን ቀንበሩን ያወርድለታል? ማጥፊያውን ዘጋሁትና ለየመናዊው ደወልኩ። "ሽቦውን እንዳትነካ፣ እንደተዘጋ ይቆይ" አለኝ። መጥቶ ለመለያየት ግን የአቡ የህያ ትእዛዝ ያስፈልገዋል።

አቡ የህያ ከሰዓት በኋላ የዐስር ሰላት እንደተሰገደ መጣ። ሙከይፉ ጠፍቷል፣ እኛ ውጪ ጥላ ሥር ቆመናል።

"ማን አጠፋው?"

"እኔ" አልኩ።

ገብቶ አበራው። ተከትዬው ገባሁና አጠፋሁት። ዞሮ አየኝ። "ማፊ ሙሽኪላ፣ ያ ሰኢድ! አዲስ የተገጠመ ነገር ሁሉ ይሞቃል!" አለና መልሶ አበራው። እኔም መልሼ አጠፋሁት።

ሙሄ በሩ ላይ ሆኖ በአማርኛ "ተው አንተ፣ የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን እንዳትጥል" አለኝ።

አልተውኩም። ባለኝ አረብኛ "አቡ የህያ፣ ችግር ከሌለው ቤትህ ውሰደው" አልኩት። "ልጆችህ የሚተኙበት ክፍል አስገባው። አንተ እዚያ ካስገባኸው እኔም እዚህ እተኛለሁ።"

ልጆቹን ስጠራ ፊቱ ደም መሰለ። ውጪ ወጣ፣ እኛም ተከትለነው ወጣን። ስልኩን ከደረት ኪሱ አወጣ። "ወይ ባትሪው ይበራል፣ ወይ ለጀዋዛት እደውላለሁ። ለሦስታችሁም። ያላ፣ ምረጥ!"

ለሦስታችሁም ሲል ወደ ኑሩ ዞርኩ። ኑሩ መሬት መሬት ያያል። የመንን በእግራችን አቋርጠን የመጣነው ለዚህ ነበር? እናቴ የምትጠብቀው የኔን እጅ ነው። ሰውዬው ደግሞ ቁጥሩን እየፈለገ ነው። አንዲት ጊዜ "እሺ" ብል ሁሉም ያልቃል። ግን እሺ ብዬ ኑሩን በዚያ ጥግ ላስተኛው ነው? አረብኛው ጠፋኝ፣ በናቴ ቋንቋ ጮህኩበት።

"እምቢ! እምቢ አልኩህ! እምቢ!"

አቡ የህያ ስልኩን ይዞ ቀጥ አለ። "እምቢር?" አለ። ዞሮ ወደ ውሃ ጉድጓዱ ተመለከተ። "እምቢር ምን ሆነ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌላው አረብ ጉድጓድን "አል-ቢር" ሲል፣ የጂዛን ገበሬ "አል"ን "እም" ያደርገውና "እምቢር" ይላል። እኔ እምቢ ስል ሰውዬው "ጉድጓዱ! ጉድጓዱ!" እያልኩ መሰለው። እኔ ገና ሳይገባኝ ሙሄ ዘሎ ገባ።

"አይዋ፣ እምቢር!" አለ፣ ፈገግ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። "ሰኢድ የሚለው፣ ባትሪው ጉድጓዱ ዘንድ ወዳለው የፓምፕ ክፍል ይሂድ ነው። ለብቻው ፓምፑን ያንቀሳቅስ፣ የድሮው ለእኛ ይበቃል። አየሩም እዚያ ጥሩ ነው፣ ያ ዐሚ።" አጎቴ ሆይ ማለቱ ነው።

አቡ የህያ ጉድጓዱን አየ፣ ለለቀማ የደረሰውን ባሚያ አየ፣ እኔን አየ። እሱም መውጫ ይፈልግ ነበር መሰለኝ። "ጠይብ" ብሎ ተስማማ። "እምቢር። ከመጀመሪያው እንዲህ አትልም?" ስልኩን ኪሱ ከተተ።

በማግስቱ የመናዊው መጥቶ ሁለቱን ለያያቸው። የመጣው ባትሪ ፓምፕ ክፍል ገባ። እኛ ወደ ማራገቢያችን ተመለስን፣ ላባችንም ተመለሰ። ኑሩ ግን እንቅልፍ ተኛ።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ ቀልድ የሆነው። ሙሄ ጁምዓ ጁምዓ የአካባቢው እርሻ ልጆች ሲሰባሰቡ "ሰኢድን ጉድጓድ አዳነው" እያለ ያወራል፣ ልጆቹ ይንከተከታሉ። አንድ ቀን ተናደድኩና "እኔ ጉድጓድ አላልኩም፣ እምቢ ነው ያልኩት" አልኩት።

"ኧረ በአላህ!" አለኝ። "ከጀዋዛት አፍ አውጥቼህ ትቆጣኛለህ?"

እውነቱን ነው፣ አውጥቶኛል። አመስግኜዋለሁም። ግን እምቢታዬ ለሰውዬው ምክር ሆና መድረሷ ውስጤን ይበላኝ ነበር።

በቅርቡ አቡ የህያ ሩዝ በሥጋ ይዞልን መጥቶ አብረን በላን። ኑሩ ጠግቦ ሳለ ሙሄ ሲያጎርሰው፣ ኑሩ እየሳቀ "እምቢ፣ እምቢ" አለ። አቡ የህያ እጁን ከሩዙ ላይ አንሥቶ "ደግሞ ጉድጓዱ ምን ሆነ?" ብሎ እኔን ጠየቀኝ። ሙሄ ጠቀሰኝ። "ዝም በል፣ ነገር አታምጣ" ማለቱ ነው።

"እምቢር አይደለም" አልኩት። "እምቢ ነው። በእኛ ቋንቋ፣ የእናንተው ላ ማለት ነው።"

"ያን ቀንም?"

"ያን ቀንም።"

ማኘኩን አቆመ። ሙሄ የያዘውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰው። አቡ የህያ እጁን ታጠበ፣ "ኸላስ፣ ገባኝ" ብሎ ተነሥቶ ሄደ። እስካሁን ለጀዋዛት አልደወለም። ነገ ሊደውል ይችላል፤ እሱን አላህ ያውቃል።

ባትሪው ይቃጠል ነበር ወይ ለሚለኝ፣ አላውቅም። ዛሬም ፓምፑን እያንቀሳቀሰ ነው፣ ጭስም አላየንበት። ሙሄ ይህን እያነሣ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እኔ ይቃጠላል ብዬ አልማልኩም፤ አቡ የህያ የራሱ ልጆች አጠገብ የማያስተኛውን ነገር እኛ አጠገብ አያስተኛም ነው ያልኩት። ይህን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል፣ ደስም ይለኛል። ሰውዬው ያኔ ጉድጓድ ብሎ ቢሰማም፣ አሁን በራሱ ቋንቋ ነግሬዋለሁ። ሌላ ባትሪ ይዞ ቢመጣም ያንኑ እነግረዋለሁ።