በረከት ያልኩት ፓኬት

መጀመሪያ ያየሁት ምልክት ባለቤቴ ጌታነህ ዳቦ በውሃ ማወራረድ መጀመሩ ነው። «ምነው?» ስለው «ጉሮሮዬን ያዝ ያደርገኛል» አለኝ። ቸኩሎ በልቶ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ሁለታችንም የአሲድ ሪፍለክስ ሕመምተኞች ነን፤ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ይመለስብናል። እኛ ሰፈር ሁሉንም «ጨጓራ» ብለን እንገላገላለን። የእኔ ቅባት ስበላ ደረቴን የሚያቃጥለኝ፣ ቀለል ያለ ነው። የእሱ ግን ኢሶፋጃይቲስ ነው፤ አሲዱ የምግብ ቧንቧውን አቁስሎታል። መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ እንዳያቆም ተነግሮታል። የታዘዘልን ግን ለሁለታችንም አሲድ የሚቀንሰው ኢሶሜፕራዞል ነበር። እኔ ሞኟ፣ መድኃኒቱ አንድ ስለሆነ ሕመሙም አንድ መሰለኝ።

ያን ምልክት ከማየቴ ሳምንታት በፊት መድኃኒቱ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ከቢሮ ስወጣ ሜክሲኮ ያሉትን ፋርማሲዎች አዳርሳለሁ፤ ጌታነህ ከእንጨት ሥራው ሲመለስ በጠመንጃ ያዥ ሰፈር በኩል ይጠይቃል። «አልቋል»፣ «አልገባም»፣ «ሰሞኑን ሞክሩ»። አንዷ ፋርማሲስት «ሐኪማችሁን አማክሩ፣ በሌላ ይቀየርላችኋል» ብላኝ ነበር። ለዚህ ብሎ ማን ወረፋ ይይዛል! ቤት የቀረውን ፓኬት አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እኔ ልንውጥ ተስማማን።

እኔ ተራዬን መዝለል ጀመርኩ። እሱ ይብሳል፣ ለእሱ ይትረፍ ብዬ ነው። ተልባ በጥብጬ እጠጣና «ዋጥሽ?» ሲለኝ «ዋጥኩ» እላለሁ። ሳምንታት አለፉ። ፓኬቱን ዳሰስ ሳደርገው አሁንም ሞላ ያለ ነው። «ጌትዬ፣ ይሄ ነገርማ በረከት ገብቶበታል!» አልኩት። ሳቀ። «እግዜር አይቶልን ነዋ» አለኝ።

አልቆጠርኩትም። ምናለ ብቆጥረው ኖሮ!

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መታጠቢያ ቤት ገባ። ቆየ። አንኳኳሁ። ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ላብ አጥምቆታል። ያስታወከው ጥቁር ነው። ደም ነው። ጮህኩ።

ኮንዶሚኒየማችን ሊፍት የለውም። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ሐጂ ሰይድ ከወንድማቸው ጋር በብርድ ልብስ ተሸክመው ከአራተኛ ፎቅ አወረዱት። ሆስፒታል ደም ተሰጠው። ኢንዶስኮፒ ተደረገለት፤ በአፉ ቀጭን ካሜራ አስገብተው ቧንቧውን አዩት።

ሐኪሟ «መድኃኒቱን ከተዉ ስንት ጊዜ ሆናቸው?» አለችኝ። «ኧረ አልተወም!» ብዬ ተከራከርኩ። ጌታነህ ዓይኑን እንደጨፈነ «ለእሷ ይትረፍ ብዬ ነው» አለ። እኔም እንዳልዋጥኩ ያኔ ተናገርኩ።

ሐኪሟ «መድኃኒት ተካፍለው የሚበሉት ነገር አይደለም» አለች። «ለእርስዎ ቀለል ያለ ነገር ይበቃዎት ነበር። ለእሳቸው ደግሞ የዚሁ ወገን የሆነ ሌላ መድኃኒት ነበረ። ብትጠይቁን ኖሮ እንቀይርላቸው ነበር።»

መድኃኒቱ ቤት ተቀምጦ እኔ ባሌን በእጄ ልገድለው ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቁስሉ በተቀየረለት መድኃኒት ቀስ በቀስ ዳነ፤ ጠባሳው ግን ቧንቧውን ስላጠበበው በኢንዶስኮፒ ደጋግሞ ማስፋት ግድ ሆነ፣ እስከዚያም በሾርባና በአጥሚት ከረመ፣ ሥራውንም የጀመረው ጓደኞቹ ከባድ ከባዱን እያነሱለት ነው። ሐጂንና ያቺን ሐኪም ፈጣሪ ዕድሜ ይስጥልኝ።

እናንተም መድኃኒት ሲጠፋባችሁ ያለውን አትቆጣጥቡ፣ ከሰው አትዋሱ፣ ወረፋው ቢሰለቻችሁም ሐኪማችሁ ዘንድ ሂዱ። አንድ ቤት ሁለት ታማሚ ካላችሁ ደግሞ አትተዛዘኑ፤ እውነቱን ተነጋገሩ። መዋጥ ሲያስቸግር ወይም ሰገራ ሲጠቁር አንድ ቀን አታሳድሩ።

ጌታነህ ዛሬ እንጀራ ይበላል። ድሮ አፉን ሞልቼ አጎርሰው ነበር፣ አሁን ግን የአውራ ጣቴን ጫፍ የምታህል ጉርሻ እጠቀልልለታለሁ። እስኪወርድለት ድረስ ጉሮሮውን እያየሁ እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ።