«ውሻዬን ያዥልኝ» ያለኝ ወንድሜ

ባለፈው ወር ሰኞ ጠዋት... ፒያሳ ያለችውን የልብስ ስፌት ሱቄን ገና ከፍቼ ሳልጨርስ፣ ታላቅ ወንድሜ ደሴ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ከሚያርስበት ከሳንጃ ሳይደውል መጥቶ አያውቅም። ይባስ ብሎ ውሻውን ይዞ ነው የመጣው።

ደሴ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ሰሊጥ ማሳው ላይ ሲውልም ሲያድርም አብራው ያለችው ይህችው ውሻ ናት። ሌላ ሰው ሲያበላት እንኳን ይከፋዋል። የሚኒባሱን ሾፌር ምን ብሎ ለምኖ እንዳሳፈራት እንጃ።

ፂሙን ተላጭቷል፣ ንጹሕ ለብሷል፣ ፈገግ ብሏል። ደስ አለኝ። ለፋሲካ ሲመጣ ቀና ብሎ ሰው የማያይ፣ እህል ቀምሶ የሚተው ሰው ነበር። ተሻለህ ማለት ነው አልኩት። «አዎ... አሁንስ ቀሎኛል» አለኝ።

ከዚያ ውሻዋን ከስፌት መኪናዬ እግር ጋር አሰራትና እንድይዝለት ጠየቀኝ። እስከ መቼ ነው ስለው ግንባሬን ሳመኝ።

«ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ ይቅር በይኝ» አለኝ።

ቅበላ አይደል፣ ሩቅ አገር የሚሄድም አይደል... ታዲያ ምነው? ያ ደስ ያሰኘኝ ፈገግታ ድንገት አስፈራኝ።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆምኩበት። ብጠይቀው ያላሰበውን አሳስበው ይሆን ብዬ ፈራሁ። ዝም ብል ደግሞ... መሄዱ ነው።

«አያ ደሴ፣ ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?»

ይቆጣኛል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ፈገግታው ከፊቱ ጠፋና ደንበኛ የሚቀመጥባት ወንበር ላይ ቁጭ አለ። «አዎ» አለኝ። እንቅልፍ ካጣ ወራት እንዳለፈው፣ ሥራ አልገፋ እንዳለው፣ ለሰው ሁሉ ሸክም የሆነ እንደሚመስለው ነገረኝ። ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

«ማን ጠየቀኝ?» አለኝ።

ሱቁንም ውሻዋንም ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ሆስፒታል እንሂድ አልኩት። እብድ ነው ሊሉኝ ነው፣ ጠበል ይሻለኛል አለ። ጠበሉም አብሬህ እሄዳለሁ፣ ዛሬ ግን ሐኪም ይይህ ብዬ ለመንኩት። ባጃጅ ውስጥ ክንዱን አልለቀቅኩም። ካርድ ለማውጣት ስሰለፍ እንኳን የጋቢውን ጫፍ ጨብጬ ነበር... ዞር ስል የማጣው እየመሰለኝ።

እኔ እየፈራሁ ያወጣኋትን ጥያቄ ነርሷ «ራስህን ያምሃል?» እንደማለት አድርጋ ጠየቀችው። እሱም መለሰላት። ሐኪሙ ይህ ሕመም መሆኑን፣ እንደሚታከምም ነገረን። ለጊዜው ብቻውን እንዳይሆን ደግሞ አጥብቆ አሳሰበኝ።

አሁን ከውሻው ጋር እኛ ቤት ነው። መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ቀጠሮውን አያጎድልም። ድኗል ብዬ አልዋሻችሁም። አንዳንድ ቀን ይስቃል፣ አንዳንድ ቀን ከአልጋው አይነሳም። እኔም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም... ደውዬ ስልኩን ቶሎ ካላነሳ እጄ ላይ ያለው መርፌ ይወድቃል።

ትናንት ቁርስ ላይ ያንኑ ጥያቄ ደግሜ ጠየቅሁት። እንጀራውን ቆረሰ።

«ዛሬ ሸጋ ነኝ» አለኝ። «ነገም ጠይቂኝ።»