እኛ እያለን አይነሱም

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ከአያቴ እግር ሥር ተቀምጬ፣ የኮሪያ መድኃኒት እየጨሰ ነው። ስትሮክ ግራ ጎኑን መትቶት ቀጥ ብሎ መቆም አቅቶት ነበር። ኮሪያታውን በሚባለው የኮሪያውያን ሰፈር ያለችው የባህል ሐኪም ቆዳው ላይ ቀጫጭን መርፌ ትሰካለታለች፤ ለቤት ደግሞ እንደ ሲጋራ የተጠቀለለ ደረቅ ቅጠል ትሰጠናለች። ማታ ማታ እናቴ ጫፉን ለኩሳ፣ ፍሙ ቆዳውን ሳይነካ ከጉልበቱ በታች ትይዝለታለች። ያኔ ፌርፋክስ ከሚባለው የሐበሾች ሰፈር አጠገብ በነበረችው ጠባብ አፓርታማችን፣ የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህብን መስኮቱን ከፍተን፣ እሱ ስለ ጅብና ስለ አህያ ሲያወራ እኔ ፍሙን እያየሁ እሰማለሁ።

ሐኪሟ ለእናቴ በግልጽ ነግራታለች። «መርፌው ያግዘዋል እንጂ አይራመድለትም። ራሱ ይነሳ። ከጎኑ ቁሙ፣ አትያዙት።» የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስትም ያለችው ይህንኑ ነው። አያቴ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው ሳይደግፈው መታጠቢያ ቤት ገብቶ መውጣት። እናቴ ከጎኑ ቆማለት፣ ግድግዳውን እየዳሰሰ እስከ በሩ መድረስ ጀምሮም ነበር።

ያበላሹት ጠያቂዎቻችን ናቸው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። አያቴ ሊነሳ ገና ንቅንቅ ሲል ቤቱ በሙሉ ብድግ ይላል። «ኧረ ጋሼ ወርቁ፣ እኛ እያለን አይነሱም!» ውሃ ይመጣለታል፣ ጫማ ይመጣለታል፤ መታጠቢያ ቤት ሲል ሁለት ጎረምሶች ብብቱን ይዘው አንጠልጥለው ይወስዱታል። እናቴ አንድ ቀን «ፕሊስ፣ ዶክተሯ ራሱ ፕራክቲስ ያድርግ ብላለች» ብትል፣ ጋሽ መኮንን የሚባል የአያቴ ወዳጅ ተቆጣት።

«አባትሽ ሲንገዳገድ ቁጭ ብለን እንይ? እንደዚህ ነው ያሳደገሽ?»

የዚያን ምሽት አያቴ ለእንግዶቹ ተረት አመጣ። አሽከሮቹ መሬት አናስረግጥዎትም ብለው ተሸክመው ያኖሩት አንድ ባላባት ነበር አለ። ቤቱ ሲቃጠል አሽከሮቹ በየፊናቸው ሮጡ፤ እሱ ግን እግር እንዳለው ረስቶ፣ «ኑ አንሱኝ» እያለ እዚያው ቀረ። እንግዶቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ጋሽ መኮንን «አይ ጋሼ ወርቁ፣ ጨዋታ አዋቂ!» አለና ብብቱን ይዞ አንስቶ ወደ እራት ጠረጴዛው ወሰደው።

ከዚያ በኋላ ለመነሳት መሞከሩን ተወ። ቅጠሉ ይጨሳል፣ መርፌው ይሰካል፤ እግሩ ግን እየሰለለ ሄደ። ሲሞት ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «እንዴት ተከብሮ ኖረ» ይል ነበር። ተከብሮ። የመጨረሻ ዘመኑን አልጋ ላይ ሆኖ ሰው እያጠበው ነው የኖረው።

አሁንም እንደ አያቴ በራሳቸው እግር መቆም የሚፈልጉ አዛውንት ሊነሱ ሲታገሉ ሰው ሁሉ ሊይዛቸው ይሯሯጣል። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ አጠገባቸው እቆማለሁ። ባለጌ ይሉኛል። ይበሉኝ።