የአቼቶ ቆዳ

ጭንቀታችን ሁሉ ወንድሜ እንዳይጮህ ነበር። ተደብቆበት በነበረው ቤት የላምባ ምድጃ ፈንድቶ ጀርባውን ከትከሻው እስከ ወገቡ ገሸለጠው። ሐኪም ቤት ቢሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው የቀበሌ ወረቀት ነው፤ ስሙ ደግሞ ከሚፈለጉት መሀል እንዳለ እናውቃለን። ቀበና ወንዝ ዳር ባለችው ቤታችን፣ ከመኝታ ክፍሌ በሚያስገባው ጓዳ ውስጥ በሆዱ አስተኝተን በሩን በቁም ሳጥን ጋረድነው። ከግድግዳው ማዶ የሚኖረው ጎረቤታችን አብዮት ጥበቃ ነው። እሱ ሲያስል እንሰማለን፤ እሱም ይሰማናል ማለት ነው።

ፋሻው ቁስሉ ላይ ይጣበቃል። በለወጥንለት ቁጥር ትራሱን ይነክሳል። በሦስተኛው ቀን ጩኸቱ አመለጠው። እናቴ ወዲያው የብረት ድስት ወለሉ ላይ ለቀቀችና "ወይኔ እግሬን!" ብላ ጮኸች። ጎበዝ ናት። ግን ድስት ስንት ጊዜ ይወድቃል?

ያኔ ትዝ ያለኝ ቀድሞ የሠራሁበት አቼቶ ቤት ነው። የማር ውሃው ወደ አቼቶ ሲለወጥ ላዩ ላይ ነጭ፣ ሙልጭልጭ ያለ ነገር ይረጋል። ባክቴሪያ ስኳሩን እየበላ የሚሠራው ሴሉሎስ ነው ይሉኛል ዛሬ የተማሩ ልጆች። እኛ ቆዳ ነበር የምንለው። እጁ የተቃጠለ ሠራተኛ ቆዳውን ቀቅሎ፣ ኮምጣጣነቱ እስኪለቅ አጥቦ ይለጥፈዋል። አይጣበቅም፤ ሲያነሱትም አያምም።

ከዚያው ቤት አንድ ኩባያ አቼቶ ከነቆዳው ለምኜ አመጣሁ። ስኳር የበዛበት ሻይ አፍልቼ ካቀዘቀዝኩ በኋላ በሰፊ ሳፋ ቀላቀልኩት፤ በስስ ጨርቅ ሸፍኜ አልጋዬ ሥር አኖርኩት። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ እንዳይመታው ዙሪያውን በጋቢ ጠቀለልኩት። ከቀበሌ ሱቅ ያገኘናት ስኳር በሙሉ እዚያ ገባች። ሳፋው ከተነቃነቀ ቆዳው ይሰምጥና ሥራው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ስለዚህ መኝታ ክፍሉ እንዳይጠረግ ከለከልኩ። እናቴ "የአራስ ቤት አደረግሽው እኮ!" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ማለቂያ ቆዳው ወፈረ። ለጀርባው የሚሆነውን ያህል በመቀስ ቆርጬ ለእናቴ ሰጠኋት፤ ወጥ ቤት ወስዳ መቀቀል ጀመረች። ጠዋት ነበር። በሩ ተንኳኳ።

ጎረቤታችን ነው፣ ከነጠመንጃው። አቼቶ ቤት አብረን ጠርሙስ አጥበናል፤ ድሮ አንተ የምለው ሰው ነው። ጠመንጃውን ሳይ ግን አፌ "ይግቡ" አለ። እስካሁን ይቆጨኛል።

"ከዚህ ቤት ማቃሰት እሰማለሁ" አለ። ወደ መኝታ ክፍሉ ዘልቆ አልጋው ሥር ጎንበስ አለ፤ ሳፋውን ጎትቶ ጨርቁን ገለጠ። አወቀው። ጣቱን በተቆረጠው ጠርዝ ላይ አስኬደ።

"ማነው የተቃጠለው?"

ቁም ሳጥኑን እንዳያነሳው እንጂ ሳፋው ያሳብቃል ብዬ አላሰብኩም ነበር። "እናቴ ናት። ክንዷን" አልኩ።

"ጥሪያት።"

"እማዬ! የተቃጠለ ክንድሽን ሊያዩት ነው፣ ነይ!" አልኩ ጮክ ብዬ። ምን ታደርጋለች ብዬ እንደጠራኋት ፈጣሪ ይወቀው። ምናልባት ፋሻ ትጠቀልልበታለች ብዬ ይሆናል።

ቆየች። እሱ ቁም ሳጥኑን ደገፍ ብሎ ይጠብቃል። ከሳጥኑ ኋላ ያለው ወንድሜ እንዳያስል እጸልያለሁ።

እናቴ ግራ ክንዷን ወደፊት ዘርግታ ገባች። ከክርኗ እስከ አንጓዋ የአቼቶው ቆዳ ተለጥፎበታል፤ እንፋሎቱ ገና አልበረደም። ከሥሩ የተገሸለጠ ቀይ ሥጋዋ ይታያል።

"ምን ሆነው ነው፣ እማማ?"

"ውሃ ተደፋብኝ፣ ልጄ። ሲያመኝ አቃስታለሁ። ረበሽኩህ እንዴ?"

እጇን ረጅም ጊዜ አየው። አቼቶ ቤት የሠራ ሰው የዛሬን ቃጠሎ ከከረመ ቃጠሎ መለየት ያቅተዋል ብዬ አላምንም። "ይማርዎ" ብሎ ወጣ።

ወንድሜ ከጓዳ በሹክሹክታ "ማነው?" አለ።

"ጎረቤት ነው፤ ስኳር አላችሁ ወይ ብሎ ነው" አለችው እናቴ። ከዚያ ወደኔ ዞራ "የቀረውን ቶሎ ቀቅዪለት" አለችኝ።

ወጥ ቤት ገባሁ። ከመኝታ ክፍሉ ሦስት እርምጃ ነው፤ ቅድም እናቴ ስትቆይ አንድም ድምፅ አልሰማሁም ነበር። ወለሉ ከድስቱ በተደፋ ትኩስ ውሃ ርሷል። የድስት መያዣው ጨርቅ ወድቋል። አነሳሁት፤ ጥርሷ ጨርቁን በስቶታል።