የለፋ ይፈለጋል

ወሬው እንዲህ ነው፦ ወስፌ ባል እየፈለገች ነው። ባል መፈለጓ ብቻ ቢሆን ማን ጆሮ ይሰጠው ነበር? መመዘኛ አውጥታለች ተባለ። የለፋ መሆን አለበት። ጀርባው ሰፊ፣ ሆዱ ግን ጨርሶ የማያስፈልግ። ሲያጥፉት የማይሰነጠቅ፣ ሲያርሱት ቀለም የማይለቅ። ቢላዋ የነካው፣ መዥገር የቀመሰው አይሁን። ይህን ሁሉ ካሟላ በኋላም፣ «አሽትቼ ካልወደድኩት እመልሰዋለሁ» ብላለች አሉ።

በማዕዘኑ ካፌ ይህን ያልሰማ የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነበር፤ እሱም ከቆመ ቆይቷል። ወንዶቹ ከጠዋት ጀምሮ ጀርባቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ ትከሻቸውን ነፍተው መቀመጥ ያዙ። ጡረታ የወጣው ሹፌር ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ስቦ ቡናው የሚወርድበት ቦታ አጣ። አንድ ጥብቅና የሞከረው ሰውዬ ደግሞ መዥገር ነክቶት እንደማያውቅ በሦስት ምስክር ለማረጋገጥ ዝግጁ መሆኑን አስታወቀ።

ነገር ግን ወሬው ቀዳዳ ነበረው። ወስፌን የሚያውቅ ሰው ቆም ብሎ ቢያስብ ኖሮ አይዋጥለትም ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ደልዳላ የመንግሥት ሠራተኛ ሽቶ ተቀብቶ ሊጠይቃት ቢመጣ፣ ከላይ እስከ ታች አይታው ቀበቶው ላይ ስትደርስ ቆመችና፣ «ይህን ስፌት የሰፋው ሰው አልታሰረም?» ብላ ነበር ያሰናበተችው። እንዲህ ያለች ሴት በአንድ ሳምንት ውስጥ ምን ነክቷት ጀርባ ስታማርጥ ትውላለች?

ወስፌ ስሟ አይደለም፤ ሰፈር ያወጣላት ነው። ቀጭን ናት፣ ቀጥ ያለች ናት፣ ስትናገርም ትወጋለች። ከአንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር ባለች፣ ሁለት ሰው ከገባባት አንዱ ትንፋሹን መያዝ ባለበት ክፍል ውስጥ ቦርሳና ቀበቶ ትጠግናለች። ከግድግዳው ወዲያ የታላቅ ወንድሟ ፀጉር ቤት አለ። ወንድሟ በወጣትነቱ ከጉልበቱ በታች አንድ እግሩን አጥቷል፤ የሚቆመው በእንጨት እግር ነው። እንጨቱን ከሰውነቱ ጋር ያስተሳሰረው ደግሞ አባታቸው የሰፉለት ቆዳ ነበር፤ ጭኑን ጥብቅ አድርጎ የሚያቅፍ ሰፊ መታጠቂያ፣ ከግራና ከቀኙ ወደ እንጨቱ የሚወርዱ ሁለት ጠፍሮች ያሉት። አባትየው አልፈዋል። ቆዳው ግን ጠዋት ተነሥቶ ማታ እየገባ፣ ስንት ሺህ ራስ አብሮ ቆርጧል።

እስከዚያ ቀን ድረስ። የዚያን ቀን ወንበሩ ላይ የነበረው የካፌው ባለቤት ነው። ወንድሟ የቀኙን ጎን ጨርሶ ወደ ግራ ሲዞር ጠፍሩ «ጧ!» ብሎ ተበጠሰ። ወንድሟ መቀሱን ወደ ላይ እንደያዘ፣ ባንዲራ አልጥልም እንዳለ ወታደር፣ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የካፌው ባለቤት ቀኝ ራሱ የተላጨ ሜዳ፣ ግራ ራሱ ያልተመነጠረ ጫካ ሆኖ ወጣ። ሌላ ፀጉር ቆራጭ ዘንድ ሄዶ እንዲያስጨርስ ቢመክሩት፣ «ከሃያ ዓመት በኋላ በግማሽ ራስ ክህደት!» ብሎ ባርኔጣ ገዛ።

አዲስ የተገዛው የፕላስቲክ መታጠቂያ ጭኑን ላጠው። ወንድሟ ከዚያ በኋላ ከአልጋው ጠርዝ አልተነሣም።

«እቴ፣ ተይው በቃ» አላት። «ወንበሩን ቅዳሜ ሰው መጥቶ ያየዋል።»

«አይቶስ?»

«ከወደደው ይወስደዋላ።»

«ወንበሩን ከወሰደው አንተ የት ትቆማለህ ጋሼ?»

«ወንበር ላይ ይቀመጡበታል እንጂ ማን ይቆምበታል?»

«አንተማ ከኋላው ነው የምትቆመው። ሌላ የምትቆምበት ቦታ ካወቅህ ንገረኝና እኔም ልረፍ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይህም ከመልስ በላይ አስፈራት። ይህ ሰው ከወንበሩ ኋላ ካልቆመ የሚቀልድ፣ የሚያማ፣ የሚከራከር ሰው አይደለም፤ ግድግዳ ነው። ወስፌ ያን ጊዜ ነው የቆረጠችው፦ ቅዳሜ ጋሼ ይቆማል።

መጀመሪያ በችኮላ ሄደች። ትልቁ መንገድ ላይ ካለ ሱቅ እንደ መስታወት የሚያበራ ቆዳ ገዝታ ከሰዓት በኋላ ሰፋችው። ወንድሟ አጥልቆት ከአልጋ እስከ በር ሲሄድ ቆዳው እንደ ማስቲካ ተለጠጠ፤ ከበር እስከ አልጋ ሲመለስ እንደ አሮጌ ካልሲ እንጨቱ ሥር ወርዶ ተኮማተረ። ወስፌ በቢላዋ ሰንጥቃ አየችው። ከላይ ቀለም፣ ከታች ቀለም፣ መሐሉ ላይ ግን እንደ ሊጥ የነጣ መስመር።

«መሐሉ ጥሬ ነው! እሱም የሆድ ቆዳ! ቀለም የተቀባ ሆድ አሸከሙኝ!» ብላ ቆዳውን ወደ ጥግ ወረወረችው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ወስፌ መስፋት ታውቃለች፤ ዓይኗን ጨፍና ትሰፋለች። ቆዳ መምረጥ ግን የአባቷ ሥራ ነበር። ብቻቸውን ወጥተው፣ ብቻቸውን አማርጠው፣ ጥቅል ተሸክመው ይመጡ ነበር። እሳቸው ካለፉ ወዲህ የሚመጣላት የተበጠሰ የሰው ቦርሳ ስለሆነ ጠይቃ አታውቅም፤ ተቸግራም አታውቅ። አሁን የሚጠየቅ ሰው የለም። ቢሆንም የሚጠየቅ ነገር ነበር። የተበጠሰውን የአባቷን መታጠቂያ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ትመረምረው ጀመር። ጠርዙን ስትቆርጥ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቡናማ ነው። ብትጎትተው ንቅንቅ አይልም። ጥጉን ብታርሰው ውሃውን ቀስ ብሎ ጠጣ፣ ቀለሙን ግን አልተፋም። ስታሸተው የኬሚካል ሳይሆን የዛፍ ቅርፊት ሽታ አለው። እንግዲህ አባቷ ሲፈልጉ የነበሩት ይህን ነው።

በማግስቱ ቆዳ ተራ ሄደች። ነጋዴው ወፍራም ሰው ነው፤ በተከመረ ቆዳ ላይ እንደ ንጉሥ ተኮፍሶ ተቀምጧል።

«ምን ልስጥሽ የኔ እናት?»

«የለፋ።»

«እዚህ ያለው ሁሉ የለፋ ነው።»

«በምን የለፋ?»

«በምን የለፋ ትወጂያለሽ?»

«በቅርፊት፣ ቀስ ብሎ የለፋ፤ ሲያጥፉት የማይሰነጠቅ፣ ሲያርሱት ቀለም የማይለቅ። ተቻኩሎ የለፋ አልፈልግም፤ መሐሉ ጥሬ ነው።»

«ጀርባውን ነው ሆዱን?»

«ጀርባውን። ሆዱን ለራስህ አስቀረው፤ ዛሬ እሺ ብሎ ነገ ይለጠጣል።»

አንዱን ዘረጋላት፤ መዥገር የበላው ነው ብላ ገፋችው። ሌላውን ገለበጠችና «ቢላዋ ነክቶታል!» አለች፤ ከብቱን የገፈፈው ሰው ቢላዋ ስቶ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሦስተኛው ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ የባለቤቱ ምልክት ነበረ። አራተኛውን አጥፋ ጆሮዋ ላይ አስጠጋችና እንደ ሐኪም አዳመጠች፣ ተሰነጠቀ። አምስተኛውን ስታሸት ነጋዴው ትዕግሥቱ አለቀ።

«ኧረ ሴትዮ! ልታገቢው ነው እንዴ?»

«ከወንድሜ ጋር ነው የሚኖረው! ሥጋው ላይ ነው የሚውለው! ያገኘሁትን ልስጠው እንዴ? አሽትቼ ካልወደድኩት እመልሰዋለሁ!»

ከተሰቀሉት ቆዳዎች ወዲያ ማዶ የጫማ ሶል ሊገዛ የመጣው ጡረተኛው ሹፌር ቆሞ ነበር። ማንንም አላየም፤ ድምፅ ግን ሰማ፣ ድምፁንም ለየ። ሶሉን ሳይገዛ በአንድ ጫማ ተኩል ወደ ካፌው ሮጠ። የወሬው እናት ይህች ናት።

ወስፌ ግን ቆዳውን ትታ ነጋዴውን ስታጤን ነበር።

«ተነሥ እስቲ።»

«ምን?»

«የተቀመጥክበትን አሳየኝ።»

ነጋዴው ፊቱ ተለዋወጠ። ለቂጡ የመረጠውን ቆዳ ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር። እያጉረመረመ ተነሣ። ጠርዙ ከላይ እስከ ታች አንድ ቀለም፣ ንቅንቅ የማይል፣ የቅርፊት ሽታ ያለው ጀርባ። ወስፌ ከፍላ ጠቀለለችው።

ክር አላስቸገራትም፤ የተልባ እግር ክር ገዝታ በንብ ሰም አሸችው። ዘለበት ግን አንከራተታት። በየሱቁ «ነሐስ ነው» ይሏታል፤ ከተሰበረ ሬዲዮ ያወጣችውን ማግኔት ስታስጠጋ ነሐስ የተባለው ሁሉ ዘሎ ይጣበቃል። ብረት ላብ ሲነካው ይዝጋል፣ ዝገት ደግሞ ሥጋ ይበላል። በመጨረሻ ማግኔቱ የናቃቸውን ሁለት ዘለበቶች ከአንድ ያረጀ ሻንጣ ላይ አገኘች። የምትሠራበት ወስፌ ለቀበቶ እንጂ ለእንዲህ ያለ ወፍራም ጀርባ አልሆን ስላለ፣ ብስክሌት ከሚጠግነው ጎረቤት የጎማ ሽቦ ለምና በድንጋይ ትስል ጀመር።

ስትስል ሳለ በሩ ላይ ብርሃን ጠፋ። ሰፈሩ በዕቃ ማንሻው መኪና ስም «ፎርክሊፍት» የሚለው ተሸካሚ ነበር፤ ደፉን ሞልቶ ቆሟል። ሸሚዙ ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ እስከ ጉሮሮው ተቆልፏል።

«እትዬ ወስፌ፣ ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

«ምን ሰምተህ?»

«የለፋ እንደሚፈልጉ። እንግዲህ እዚህ ሰፈር ከእኔ በላይ የለፋ ካለ ያምጡት!»

«አግኝቻለሁ እኮ። ቢሆንም ይዘህ ከሆነ አሳየኝ።»

ዞረና ጀርባውን አሳያት። «ይኸው። ቢላዋ አልነካውም። አንድ ጊዜ ፍሪጅ ወድቆበታል፣ ግን አልተሰነጠቀም። ሆዴን ደግሞ… እቀንሳለሁ።»

ወስፌ በጥርሷ የያዘችውን መርፌ ልትውጠው ጥቂት ቀራት። ከዚያ ያን ጀርባ ለሁለተኛ ጊዜ ተመለከተችው። ቆዳ በመዶሻ ሲመታ የእንጨት ጠረጴዛ እየነጠረ ስፌቱን አላስተኛ ብሏት ነበር። የማይበገር ድንጋይ ያስፈልጋታል፣ ድንጋዩም የት እንዳለ ታውቃለች።

«መልካም ጀርባ ነው» አለችው። «ተከተለኝ።»

ካፌ ሲገቡ ሁሉም ብድግ አለ። አንዱ አጨበጨበ። ወስፌ ጥግ ላይ የተጣለውን፣ መሐሉ የተሰነጠቀ የእብነ በረድ ጠረጴዛ አመለከተች።

«ይህን አንሣልኝ።»

«ኧረ ወስፌ፣ ጠረጴዛዬ!» ብሎ የካፌው ባለቤት ጮኸ።

«ራስህን ማስጨረስ ትፈልጋለህ አትፈልግም?»

ባለቤቱ እጁን ወደ ባርኔጣው ሰደደ። «ውሰጂው።»

ካፌው ለሚስቶቹ ያደረሰው ዜና ግን ሌላ ነበር፦ ፎርክሊፍት ተመረጠ፣ እብነ በረዱም የሠርግ ስጦታ ሆነ።

ፎርክሊፍት ድንጋዩን ካወረደ በኋላ የተዘረጋውን ቆዳ አየ፣ የተበጠሰውን መታጠቂያ አየ፣ ጠርዙን ነካካ፣ ቀላ። «ለካ የለፋ ቆዳ ነው!»

«ታዲያ ምን መሰለህ?»

«እፎይ! ሸሚዙን የተኮሰችው እናቴ ናት እትዬ፤ ‹ሂድ› ብላ ገፍታኝ ነው።»

ከዚያ በኋላ ቀልድ አልነበረም። ወስፌ ቆዳውን ውሃ ነከረችና እንደረጠበ በወንድሟ ጭን ላይ ጠመጠመችው።

«ይቀዘቅዛል!»

«ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ደርቆ የጭንህን ቅርጽ ይያዝ።»

«አባታችን እንዲህ አላሠቃዩኝም።»

«እሳቸው ሲሠሩልህ ጎረምሳ ነበርክ፣ ተንሰቅስቀህ አልቅሰሃል። ረሳኸው እንጂ እኔ አልረሳሁም።»

ወንድሟ ሳይወድ ሳቀ። ቆዳው ሲደርቅ ደግሞ ይጣላት ጀመር፤ ይህ ጠርዝ ይቆረቁረኛል፣ ያኛው ላላ፣ ዘለበቱ ወደ ውጭ ይዙር። ወስፌ እየተሰደበች በውስጧ ደስ አላት፤ ግድግዳ አይነጫነጭም። የመጀመሪያው የሽቦ ወስፌ ተሰበረ፣ ሁለተኛው ያዘ። በሁለት መርፌ ከሁለት ወገን እየሳበች፣ እብነ በረዱ ላይ እየቀጠቀጠች፣ አርብ ከሰዓት የመጨረሻውን ክር ቆረጠች።

ቅዳሜ ገዢው ቀድሞ መጥቶ ወንበሩን ሊሞክር ተቀመጠበት፣ ዓይኑንም ጨፈነ። ሲገልጥ አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሯል፣ ከኋላው በመስታወቱ ውስጥ አንድ ሰው መቀስ ይዞ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ምን ያህል ይነሣልዎት?»

«እኔ ወንበሩን ልገዛ ነው የመጣሁት!»

«ወንበሩ አይሸጥም። ጢምዎ ግን በዚህ ሁኔታ ሰው ፊት አይቀርብም።»

«ተራው የእኔ ነው!» ብሎ የካፌው ባለቤት ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። ቀኝ ራሱ በቅሏል፣ ግራው ጆሮውን ውጦታል። ገዢውን አስነሥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ካፌው ተከትሎት ስለነበር በሩ በሰው ተዘጋ። ወንድሟ ከወንበሩ ቀኝ ወደ ግራ ዞረ። ያኔ ጠፍሩ የተበጠሰባት ቦታ ነች። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ፣ ወስፌም ጭምር። ጠፍሩ ትንሽ ጮኸ፣ ወንድሟ ግን ግራውን ጀመረ።

ቀድሞ የተናገረው ጡረተኛው ሹፌር ነው።

«ታዲያ ወስፌ፣ ሠርጉ መቼ ነው?»

«የምን ሠርግ?»

«ከፎርክሊፍት ጋር ነዋ! ስታማርጪ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«ተዋት እሷን» አለ ወንድሟ ዓይኑን ከመቀሱ ሳያነሣ። «በጣም ነው የለፋችው።»

ወስፌ መዶሻዋን ብብቷ ሥር አስገብታ ሁሉንም በተራ አየቻቸው።

«ባል አልፈለግሁም። ማንንም አላማረጥኩም፣ ማንንም አላሸተትኩም፣ የማገባውም ሰው የለም። እኔም አልለፋሁም፤ የለፋው ቆዳው ነው።»