የአንበሴ ቤት

ጎረቤታችን ግድግዳ ሊመርግ ያቦካው ጭቃ ዛሬ ሲሸተኝ ወንድሜ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ደብረ ታቦር ግቢያችን ውስጥ ጥጃ ለሚያክለው ውሻችን ለአንበሴ ቤት እየሠራን ነበር። ወንድሜ የሚኒባስ ረዳት ስለነበር ዕረፍት የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነበር። የባሕር ዛፉን ቋሚ ተክለን፣ ማገሩን መትተን፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግራችን ረገጥን።

«ለምን አሳነስከው?» አልኩት።

«አንተ ስታኮርፍ እንዳትገባበት ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ «ቤቱ ከሰፋ ይበርደዋል፤ በትንፋሹ የሚያሞቀው ይበቃዋል» አለኝ።

«ዛሬ አንመርገውም?»

«ሳይቦካ ከተመረገ ይሰነጠቃል። እኔ ሥራ ስሄድ ጠዋት ጠዋት አንተ እርገጠው።»

ወዲያው ለሥራ ስልክ ተደወለለትና ወደ ሐሙሲት ሄደ። እግሩን እንኳ በቅጡ አልታጠበም።

አመሻሹ ላይ ሚኒባሷ መገልበጧን፣ እሱም መሞቱን ሰማን።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው በለቀስተኛ ተሞላ። አንበሴ ታስሮ ያላዝናል። እኔ ጭቃው ዘንድ ሄድኩ። ወንድሜ ስልኩን ሊያነሳ ሲወጣ የተወው የእግሩ ዱካ ዳር ላይ ነበር። ብረግጠው ይጠፋል። ባልረግጠው ጭቃው ይደርቃል፣ ክረምቱ ደግሞ ደርሷል።

ጫማዬን ሳወልቅ አክስቴ አየችኝ።

«አንተ ልጅ! በወንድምህ ለቅሶ ጭቃ ትረግጣለህ?»

አባቴ «ተይው» አላት።

መጀመሪያ ሌላውን ሁሉ ረገጥኩ። መጨረሻ ላይ እግሬን ዱካው ውስጥ አስገብቼ ቆምኩ። ሰፋኝ።

ከዚያ ረገጥኩት።